የማንም ያልሆነው ሣር

ጣና ዳር ስለተተከለው የወሰን ችካል የሚያወራ ሰው ሻይ ቤቴ ሲገባ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያራል። ወረታ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ አፈላለሁ፤ ደንበኛ አይባረርም ብዬ ጥርሴን ነክሼ እቀዳለታለሁ። ያደግሁት ግን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከአባቴ ላሞች ኋላ ኋላ ስል ነው።

እኛ አገር የጣና ውኃ በክረምት ሜዳው ድረስ ይመጣል፣ በበጋ ይሸሻል። ሸሽቶ የተወውን መሬት ሁሉም ይሻማበታል። ገበሬው ጓያና ሽንኩርቱን ይዞ ውኃውን እግር በእግር ይከተላል። ዓሣ አስጋሪው "ዓሣው የሚራባው እዚሁ ዳሩ ላይ ነው፤ ውኃውን በሞተር መጥጣችሁ ጨረሳችሁት!" ብሎ ይጮኻል። ለታንኳ ደንገል የሚያጭደው ደግሞ ሁለቱንም ይረግማል። ከብቱም ከዚያው ነው የሚግጠው። አንድ በጋ በዱላ ተፈነካክተው የጎረቤታችን ልጅ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው ካርታ የያዙ ባለሙያዎች መጥተው "ለሁሉም የየራሱን ቦታ እንለይለት" ያሉት። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። ባለሙያው ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኖበት፣ "የእናንተ የቱ ነው?" እያለ በየተራ ጠየቀ። ገበሬዎቹ ወረቀቱ እስኪቀደድ ጠቆሙ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ወንዙ የሚገባበትን ያዙ። ለደንገል አጫጆቹ ደግሞ ቄሱ ተከራከሩላቸው። ተራው የከብት አርቢዎቹ ሆነ። የእነርሱ ሽማግሌ አባቴ ነበሩና ሁሉም ወደ እርሳቸው ዞረ።

"አባባ፣ የእርስዎ ግጦሽ ከየት እስከ የት ነው?" አለ ባለሙያው።

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። "ልጄ፣ እርሻ የሰው ነው፤ ሣር ግን የእግዜር ነው። ሣሩ የኔ ነው ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው" አሉና ተቀመጡ።

"እውነት ነው! እውነት ነው!" አለ ሰዉ። እውነትም እኛ ዘንድ እንዲያ ነው፤ ሣር የከለለ ሰው ከብቱ አይባረክለትም ይባላል። እኔም ከሴቶቹ መካከል ሆኜ በአባቴ ኮራሁ። አይ ሞኝነት! ባለሙያው ካርታው ላይ ምንም ሳይጽፍ አጠፈው።

ችካሉ ሲተከል ሽንኩርቱም፣ ዓሣውም፣ ደንገሉም ቦታ አገኘ። ለከብት የሚባል ቦታ ግን የለም። አባቴ ወረታ ድረስ መጥተው ባለሙያዎቹን ቢጠይቁ "የማንም አይደለም ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ወደፊት ሣር ታጭዶ ይቀርባል" ተባሉ።

እናቴ ይህን ሲሰሙ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ተቆጡ። "ምን ነበር አንዴ ጣትዎን ቢቀስሩ?"

"ያልሆነውን የኔ ነው ብዬ?" አሉ አባቴ።

በዚያ በጋ ከብቶቹ የሩዝ ገለባ ብቻ በሉ። የጎን አጥንታቸው ወጣ፤ ሁለት ጥጆች ሞቱ። ሚያዝያ ላይ አባቴ "ቆመው ሳሉ ይሸጡ" አሉና ሁሉንም ወረታ ገበያ ነድተው አመጡ። ነጋዴው ገዝቶ የጭነት መኪና አቀረበ። ሌሎቹ እየተገፉ ወጡ፤ መንጋውን የምትመራው ቡላ ላም ግን ከመወጣጫው እግር ሥር ቆማ ቀረች። ጎተቷት፣ ጭራዋን ጠመዘዙ፣ እምቢ አለች። አንዱ ዱላ ሲያነሣ አባቴ "ተው! ተው አንተ!" ብለው መኪናው ላይ ወጡ። ከላይ ሆነው "ነይ እሜቴ፣ ነይ እንውረድ" ብለው ጠሯት። ጧት ጧት ወደ ጣና ዳር ሲወስዷት የሚጠሯት እንደዚያ ነበር። ጆሮዋን አቀናች፤ ማንም ሳይነካት ቀስ ብላ ወጣች።

መኪናው ከብቶቹን ይዞ ወደ ይፋግ ሲሄድ አባቴን ሻይ ቤቴ አስገባኋቸው። የቀዳሁላቸው ሻይ ሳይነኩት ቀዘቀዘ።

"አባየ፣ ይጠጡ እንጂ። ቢያንስ አላስመቷትም" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

"ወደ ሣሩ የምወስዳት መስሏት እኮ ነው የወጣችው" አሉኝ።