የቀዩ ሹራብ ባለቤት

በእጄ እተማመናለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ካሉት የሱቅ ማስታወቂያዎች ግማሾቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የቀሩትን ደግሞ ከእኔ የኮረጁ ሰዎች ናቸው የጻፉት። የሥጋ ቤት በሬ ስሥል ውሾች መጥተው ግድግዳውን ይልሳሉ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ለመኩራራት ቢሆንማ ከዳቦ ቤቱ ነበር የምጀምረው።

ዘንድሮ ግን ለሰው ሱቅ መሣሉን ተወት አድርጌ ለራሴ ተነሳሁ፤ የልጅነቴን ታሪክ በሥዕል የሚተርክ መጽሐፍ ልሠራ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ዘው ተብሎ አይገባም። መጀመሪያ ሰዎቹ ምን ይመስሉ እንደነበር፣ ምን እንደለበሱ፣ የዚያን ቀን አየሩ ራሱ ምን ቀለም እንደነበረው በየወረቀቱ ይሞከራል። በውሃ ቀለምና በባለቀለም እርሳስ አሥራ ስምንት ንድፍ ሠራሁ። በአሥራ ስምንቱም ላይ ታላቅ እህቴ አለች። ስለዚህ እሷ እሺ ካላለች መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም። ፊቷን ሳታውቀው አሳትሜ የምደበቅበት ጉድጓድ በወሎ ምድር አልተቆፈረም።

እሺ እንደምትል ግን ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ታሪኩን በየሠርጉና በየአረፋው ሳወራው አርባ ዓመት ሙሉ ከጎኔ ተቀምጣ ፈገግ ስትል ኖራለች። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሰባት፣ እሷ አሥራ አንድ ዓመታችን፤ ቦታው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ገበያውን ውጦታል። የደሴን ጉም ለማያውቅ፣ የራስን ጣት ለመቁጠር ጎረቤት የሚጠራበት ጉም ነው። እህቴ ጨው የጫነ ግመል ተከትላ ትጠፋለች። እኔ ጉሙን ሰንጥቄ እገባለሁ፤ እያለቀሰች አገኛታለሁ፤ እጇን ይዤ ለአባታችን አስረክባታለሁ። ግመሉ መጀመሪያ አንድ ነበር። በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አራት ሆነ። ባለፈው አረፋ፣ ሥጋው ጥሩ ስለነበር፣ አርባ ገባ።

ወረቀቶቹን በካርቶን አቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩና የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። እህቴ እዚያው ሰኞ ገበያ አለላ ትሸጣለች፤ ለመሶብና ለሙዳይ ስፌት የሚሆነውን ሣር ራሷ በፈላ ቀለም እየነከረች። አንዱ ጣቷ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ ነው። ቀስተ ደመና ራሱ ቀለም ሲያንሰው ከእሷ የሚበደር ይመስለኛል።

"እታለም፣ ይኸው ንግሥት አድርጌሻለሁ!" ብዬ ወረቀቶቹን አለላው ላይ ዘረጋኋቸው።

አለላ የሚመርጡ አንዲት እናት ቀድመዋት አንገታቸውን አሰገጉ። "ማሻአላህ! ይቺ ቀይ ሹራብ ለብሳ የምትነፋረቀው ማን ናት?"

"እሷ ናት፣ እማማ። ጠፍታ ያገኘኋት እኔ ነኝ።"

"ይቺ? ወላሂ ይቺስ ሰው ታስጠፋ ይሆናል እንጂ አትጠፋም!"

እህቴ አልሳቀችም። ወረቀቱን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው።

"ቀለሙ ልክ አይደለም" አለች።

"የቱ?"

"ሹራቡ።"

"ቀይ አልነበረም?"

"ቀይማ ነበር፤ እኔና እማ ነን የነከርነው። የለበስከው ግን አንተ ነህ። እኔ የአባባን አመድማ ኮት ነበር የደረብኩት።"

"ለአንድ ሹራብ ነው እንዲህ የጠቆርሽብኝ? ሳወራውኮ ትስቂ ነበር።"

"በአፍህ ስታወራው ነፋስ ይወስደዋል። ይሄ ወረቀት ነው፤ የልጅ ልጆቼ ያዩታል። ልብሱን ለየባለቤቱ መልስ፤ አለዚያ እኔን ከመጽሐፍህ አውጣኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን አልኩ?" ብላ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ቀላል መሰለኝ። ኮምቦልቻ ተመልሼ፣ በማግስቱ ጠዋት ቀዩን ለእኔ፣ አመድማውን ለእሷ ሰጠሁ። ሻይ እስኪፈላ አልቆየብኝም። ከዚያ ራቅ ብዬ ሳየው እህቴ የለችም! አመድማው ኮት አመድማው ጉም ውስጥ ሟሙቷል። ከወረቀቱ ላይ የሚታየው ቀይ ሹራብ የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ኮቱን አጠቆርኩት፤ ጉሙን አሳሳሁት፤ ቦታችንን አቀያየርኩ፤ እምቢ አለ። ማስታወቂያ ስጽፍ ስኖር የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ቀይ የሚቀባው ሰው እንዲያገኘው የሚፈለገው ነገር መሆኑን ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀዩ እኔ ነኝ። ስለዚህ ፈላጊው እኔ ልሆን አልችልም፤ ተፈላጊው ነኝ።

ብሩሹን እንደያዝኩ ጭራው ትዝ አለኝ። ፊት ለፊቴ ይወዛወዝ የነበረው የግመሉ ጭራ። እሱን እያየሁ ስሄድ፣ ስሄድ፣ ጭራው ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ቀጥሎ የራሴ ለቅሶ፤ ቀጥሎ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ አንገትጌዬን የያዘ እጅ። ውሸት አርባ ዓመት ሲኖሩባት ባለርስት ትሆናለች፤ እኔ ራሴ ግብር ስከፍልላት ኖሬአለሁ።

ጀግንነትን በገዛ እጅ መፋቅ ከባድ ነው። ግን አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ከዳር እስከ ዳር ጉም ሞላሁት፤ ነጭ፣ አመድማ፣ እዚህም እዚያም ጠብታ ሰማያዊ። መሃል ላይ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ቀይ። በሕይወቴ ከሣልኩት ሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ሳላጋንን ነው የምለው፣ ማንም ባያምነኝም።

በሚቀጥለው ሰኞ ከቀሩት ንድፎች ጋር ይዤላት ወጣሁ። ረጅም ጊዜ አየችው።

"እኔ የታለሁ?"

"ከዚህ ሆነሽ የምታዪኝ አንቺ ነሽ፣ እታለም። በአንቺ ዓይን ነው የሣልኩት።"

የሻሿን ጫፍ በባለቀለም ጣቷ ጠቀለለች።

"አርባ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት። "አንድ ቀን እንኳ 'አንተ ቀጣፊ' አይባልም?"

"ተስዬ ስለነበር ነዋ። ጉሙ ውስጥ ድምፄ እስኪዘጋ ስጠራህ፣ 'ያረቢ፣ ብቻ ይገኝልኝ፤ መጥፋቱንም ማልቀሱንም ለማንም አላወራበትም፤ አይሳቅበትም' አልኩ። ተገኘህ። ስለት ነው፤ ምን ላድርግ? አንተ ግመል ስትጨምር እኔ ከንፈሬን ስነክስ ኖርኩ።"

"ይኸው አሁን አወራሽው።"

"እኔ? እኔ ስለ ሹራብ ቀለም ነው ያወራሁት። የቀረውን ሥለህ ያመጣኸው አንተው ነህ።"

እሷ ከአለላው እስር መሃል አንድ ቀይ አለላ መዘዘችና ከሣልኩት ሹራብ ጎን አስተኛችው። የእኔው ቀይ ደብዝዞ ታየ።

"ይሄን ያህል ነበር። አድምቀው።"

"ፈቀድሽልኝ ማለት ነው?"

"መጀመሪያ አድምቀው አልኩህ!"

ቀለሜን እዚያው አለላው መሃል ፈታሁ። ውሃ ለመንኳት፤ በቆርቆሮ ቀድታ ሰጠችኝ። ሥራዬን ጨርሼ ቀና ስል መነጽሯን አድርጋ ሁለተኛውን ንድፍ ይዛለች።

"እዚህኛው ላይ ደግሞ" አለች፣ "ጫማህ አንድ ብቻ ነበር።"