ስለቱ የገባበት፣ መንጃ ፈቃዱ የተወሰደበት ቀን

መስከረም ሃያ አንድ ቀን ከአዲሱ ገበያ ተነስተን እንጦጦ ማርያም ደርሰን ተመለስን። ጉዞው አጭር ነው፤ ለእኛ ቤት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ጉዞ አልነበረም። እናቴ፣ ወንድሜ ግርማ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ለማርያም ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላ ነበር። ግርማ አራት ዓመት ጋራዥ ውስጥ በሰው መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ ልጅ ነው። ፈተናውን ሁለቴ ወድቆ በሦስተኛው አለፈ። የሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ ሊቀጠር ነው። ደስታዬን የት ላድርገው!

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ጎረቤታችን አቶ ከበደ አሮጌዋን ፊያት ሴቼንቶ መኪናቸውን አዋሱን። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ በደርግ ዘመን ይህ ትልቅ ውለታ ነው። እናቴ ጃንጥላውን በጉልበቷ መሃል አቁማ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ ድፎ ዳቦውን ታቅፌ ከኋላ። ሰፈሩ በሙሉ እንዲያየኝ መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩት። ብርድ ነበር፣ ግን ማን ያስታውሰዋል።

ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔዎቹ ጋቢና ነጠላ በእንጨት ላይ ሰቅለው መንገዱን ግራና ቀኝ አልብሰውታል። ከዚያ በላይ ዳገቱ ጠና፣ መኪናዋም ማቃሰት ጀመረች። ግርማ መሪውን እየደባበሰ “አይዞሽ” ይላታል። በመጨረሻ እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወረድኩና ገፋሁ። ከላይ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አስቀምጠው አገዙን፤ ስለት መሆኑን ስነግራቸው እልልታውን አቀለጡት።

አራት ሰዓት

ጃንጥላው ገባ። እናቴ መንጃ ፈቃዱን ከግርማ ኪስ አውጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዘረጋችው፣ ለእመቤቴ እንደምታሳይ። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ስድስት ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የአክስታችን የእትዬ ባፈና ቤት አለ። ጠላ ጠምቀው ጠበቁን። ግርማ ዋንጫውን በእጁ ከድኖ መኪና እነዳለሁ አለ። አክስቴ ተቀየሙ፤ በቤታቸው እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። አንዱን ጠጣ። አንድ አይሆንም ተባለ፣ ሁለተኛውን ጠጣ። ሦስተኛው በሥላሴ ስም ነው፣ ማን እምቢ ይላል?

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። እኔ አላስቻለኝም፤ አረቄ በመለኪያ ቀድቼ ፊቱ ቆምኩ።

“በሞቴ፣ ይህቺን ለመንጃ ፈቃድህ!”

በእኛ ቤት በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ሰውየውን ቆሞ መቅበር ነው። ግርማ አየት አደረገኝና ጨለጠው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ስምንት ሰዓት ተኩል

ቁልቁለቱን እየዘፈንን ወረድን። ያጨበጨብኩትን ያህል በሰርግም አጨብጭቤ አላውቅም። ሽሮ ሜዳ መታጠፊያው ላይ ግርማ ፍሬን ለመያዝ ዘገየ፤ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ የአንድ ሸማኔ ጋቢ የተሰቀለበትን እንጨት ገጨች። ጋቢዎቹ በመስታወቱ ላይ ወረዱ፣ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ስንወጣ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር የተሰባበረ በርጩማ አየን። ሽማግሌው ሸማኔ ውሃ ሊጠጡ ገና መነሳታቸው ነበር።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ የለውም፤ ግርማን እስቲ ተንፍስ አለው፣ ከዚያ በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አስኬደው። በአምስተኛው እርምጃ ላይ እግሩ ከጠርዙ ወጣ።

እናቴ ፖሊሱ እግር ሥር ልትወድቅ ምንም አልቀራት። “ስለት አስገብተን ስንመለስ ነው፣ ልጄ።”

ደግፎ አቆማት። “ስለቱ የምን ነበር፣ እናቴ?”

ፖሊሱ ከግርማ የተቀበለውን መንጃ ፈቃድ አየት አድርጎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መኪናዋ ፖሊስ ጣቢያ ገባች፣ እኛ እስከ አዲሱ ገበያ በእግራችን ወረድን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ፍርድ ቤት

ዳኛው ጠጥቶ መንዳትና ንብረት ማበላሸት ብለው ክሱን አነበቡ። ግርማ አልካደም። መቀጮ ተፈረደበት፣ የሸማኔውን ጋቢዎች እንዲክስ ታዘዘ፣ መንጃ ፈቃዱም ለስድስት ወር ታገደ። ዳኛው፣ ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እስር ነበር አሉት። አላስቻለኝም፣ ተነሳሁ፤ አረቄውን በሞቴ ብዬ ያጠጣሁት እኔ ነኝ አልኩ።

“መለኪያውን አንቺ ሰጠሽው” አሉ ዳኛው። “መሪውን ማን ያዘው?”

“እኔ ነኝ” አለ ግርማ፣ ጥያቄው ለእኔ ቢሆንም።

የሹፌርነቱን ሥራ ሌላ ሰው ያዘው። ወደ ቤት የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። ግርማ ከሹፌሩ ኋላ ቆሞ ማርሽ ሲቀየር ብቻ እያየ መጣ፤ አንጀቴን በላው። ያ ጉዞ ያስተማረኝን ለመናገር ዛሬም አፍራለሁ፤ ወንድሜ በቅድሚያ እምቢ ብሎ ነበር፣ ትክክልም ነበር፣ እኛ ግን መውደዳችንን የምናሳየው መስሎን እንዲጠጣ ለመንነው።

ቤት ገብተን ስንቀመጥ እናቴ እንደገና ስለት ልትሳል መሆኗን ነገረችን። ለፈቃዱ መመለስ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

“የእሱስ ስድስት ወር ነው፣ ያልፋል” አለችኝ። “ይሄኛው ላንቺ ነው። ማርያም ያቺን በሞቴ የምትይዋን ከአፍሽ ካወጣችልኝ፣ ጧፍ አስገባለሁ።”

ጧፉን ራሴ ገዝቼ ሰጠኋት።