ከኡሙልኸይር ቤት የወጣው አረንጓዴ ውኃ

ቆቦ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ኡሙልኸይርን በጽዳቷ የማያውቃት የለም። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ደጋግማ ሳታጥብ ወደ አፏ አታስጠጋውም። ዝልግልግ ያለ ነገር ካየች ያን ቀን እህል አይወርድላትም።

እንግዲህ ካሊድ ጠርሙሶቹን ያመጣው እንዲህ ያለች ሴት ቤት ነው። ካሊድ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ሳዑዲ ውስጥ ዓሣ በሚረባበት ቦታ ሲሠራ ኖሮ ተመለሰና፣ ዋጃ አጠገብ ከጓደኛው ጋር ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሊያረባ ተነሣ። ለዓሣ ጫጩቶቹ ቀለብ የሚሆነውን ደቃቅ የውኃ ተክል ግን ቤት ውስጥ ማሳደግ አለብኝ አለ። ባሏ "ወንድሜ ነው፤ ቻይው" አላት። ቻለችው።

የእንግዳ ክፍሏ መደርደሪያ ላይ ትልልቅ ጠርሙሶች ተደረደሩ። ከኋላቸው ረጅም ነጭ አምፖል ተሰቀለ፤ አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተርም ውኃውን ታንቦጫርቀው ጀመር። መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የነበረው ውኃ ብዙም ሳይቆይ እንደ ጎመን ቅቅል ጠቆረ።

"እትዬ፣ እኔ ኩሬው ጋ ስለምውል መብራቱን አደራ" አላት ካሊድ። "ንጋት ላይ የሱብሒ አዛን ሲል ታበሪዋለሽ፣ ማታ ዒሻ ሲል ታጠፊዋለሽ። ተክል ነውና ብርሃን ይፈልጋል፤ ግን ጨለማም ዕረፍቱ ነው። ሲበራበት ካደረ ይሞቅና ይበላሻል፤ በጨለማ ከዋለም ይሞታል።"

አደራ ነውና አደረገችው። በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ፣ ፊቷን አዙራ ማብሪያውን ትጫናለች። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ትጥልበታለች። በጠርሙሶቹ አፍ ዙሪያ የተጋገረውን አረፋ ስታይ እስከ ጉሮሮዋ ይመጣባታል።

በሰኔ ሙቀት መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ሞተሯ ዝም አለች። ውኃው ቡኒ ሆነ፤ ከላዩ ንፍጥ የመሰለ ነገር ለበሰ፤ ሽታውም የሞተ አይጥ ሽታ ሆነ። የዓሣ ጫጩቶቹም ቀለብ አጥተው አለቁ።

"ወስደህ ድፋልኝ!" አለችው ካሊድን።

"እሺ" ብሎ ጠርሙሶቹን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ። እሷም መደርደሪያውን በበረኪና ስትፈትግ ዋለች።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው፣ ጨጓራ የሚያማቸውን ጎረቤቷን እትዬ ደብሪቱን ልትጠይቅ ገባች። መስኮቱ ላይ ቡኒ ውኃ የያዘ ሃይላንድ አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንዴ፣ ያንቺው ካሊድ የሚሸጠው መድኃኒት ነዋ!" አሉ ደብሪቱ። "ጠዋት ጠዋት ማር ጠብ አርጌበት እጠጣዋለሁ። የሐኪሙን ኪኒን እንኳ ተውኩት።"

ኡሙልኸይር ክዳኑን ከፈተችው። ያው ሽታ ነው።

"አስተግፊሩላህ! ይሄን ጠጡት?"

"ምን ያስፈራኛል? 'ኡሙልኸይር በእጇ ያዘጋጀችው ነው' አለኝ። ካንቺ ቤት የወጣውን ማን ይጸየፋል!"

ኡሙልኸይር ግቢ ወጥታ አጥሩን ተደግፋ አስመለሳት። እስከዚያን ቀን ያንገሸገሻት ውኃው ነበር። ውኃውማ ምን ያድርግ፤ ብርሃን ሲያጣ በሰበሰ። የበሰበሰውን በሰው አፍ ያደረገው ካሊድ ነው፤ ያጣፈጠውም የእሷ ስም።

መናኸሪያው በር ላይ ሃይላንዶቹን ደርድሮ አገኘችው። "ድፋልኝ ያልኩህን ለሰው ሸጥከው?" አለችው።

"ማን ሞተ?" አላት ካሊድ። "ኩሬው ከሰረ። ታዲያ ምን ልብላ?"

"የበሽተኛ ሆድ ትበላለህ? በስሜ ግማት አጠጣሃቸው!"

ክዳናቸውን እየከፈተች አንድ በአንድ መሬት ላይ ደፋቻቸው። ከቦ የነበረው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሸሸ።

እትዬ ደብሪቱን ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው፤ ኪኒናቸውን እንደገና ጀመሩ። ከዚያ የገዛውን ሰው በየቤቱ እየዞረች ምን እንደጠጣ ነገረችው። አንዱ ሰደባት። ሌላዋ ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት ውኃ እንኳ ጠጥታ አታውቅም። ሁሉንም ቻለችው። ያልቻለችው ደብሪቱ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ ያሏትን ነው፦

"ለእኔ ግን ተስማምቶኝ ነበር። ትንሽ እንኳ አላስቀረሽም?"

ካሊድ አሁን ሮቢት ከተማ የጭነት መኪና ያራግፋል። ለዒድ ሲመጣ ምግቡን ታቀርብለትና ከክፍሉ ትወጣለች። ዘንድሮ ባሏ ተከትሏት ወጣ።

"ይቅር በይው እንጂ" አላት።

"ይቅር ብዬዋለሁ" አለች ኡሙልኸይር። "ግን ሳየው ያቅለሸልሸኛል።"