የደሴት ቡድን ታሪክና የእትዬ ዘሀራ ማሳ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፎታል። እስከ ዛሬ ግን ሰው ፊቴ "የክለባችን ታሪክ" ሲል በሰማሁ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል። በሰው ላይ መሳቅ የምወድ ሰው ነኝ። በዚህ ገጠመኝ ውስጥም የሚሳቅባቸው ሞልተዋል። ከሁሉም በላይ የሚሳቅበት ግን የታሪኩ ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ እኔ ነኝ።

ያኔ ከቆቦ በስተምሥራቅ ባለች አንዲት ትንሽ የቆላ መንደር አስተማሪ ነበርኩ። መንደሯ በሁለት የአሸዋ ወንዞች መሀል ናት። በበጋ ወንዞቹ ደረቅ ስለሆኑ ባጃጅ አሸዋውን እየቧጠጠ ያልፋል። ክረምት ገብቶ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ጎርፉ በሁለቱም በኩል ይወርድና መንደሯ ትቆረጣለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ "ደሴት" ይላታል፤ የእግር ኳስ ቡድኗም ስሙ ደሴት ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ራሱን ደሴት ማለቱን የሰማሁ ቀን ስቄ ነበር። በመጀመሪያው ሐምሌ ግን ቆቦ የተጠራሁበት ሠርግ እንዳማረኝ ቀርቶ አራት ቀን ወንዝ ዳር ቆሜ ጎርፍ ስቆጥር ሰነበትኩ።

የቡድኑ እውነተኛ ታሪክ አጭር ነው። አያ ሙሄ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። የመንደሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ሲያጡ፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ማሳቸውን ፈቀዱላቸው። ውሉ ወረቀት የለውም፤ በዱዓ ነው የታሰረው። ተጫዋቾቹ የማሽላውን ጉቶ ነቅለው ሜዳውን ያጸዳሉ፣ እስከ ክረምት መግቢያ ይጫወታሉ። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ራሳቸው ዶማ ይዘው የቦዩን አፍ ይከፍቱና ጎርፉን ሜዳቸው ላይ ይለቁታል።

ለማያውቅ ሰው ይህ እብደት ይመስላል። በዚያ ቆላ ግን ማሽላ የሚበቅለው በሰማዩ ዝናብ ተማምኖ ሳይሆን ከደጋ በሚወርድ ጎርፍ ነው። ጎርፍ ተራ አለው። ተራው ሲደርስ ቦዩን ያልከፈተ ሰው ውኃው ወደ ታችኛው ማሳ ያልፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ማየት ነው።

አያ ሙሄ ሲሞቱ ማሳው የባለቤታቸው የእትዬ ዘሀራ ሆነ። ሌላ መሬት የላቸውም። ውሉን ግን አላፈረሱም። እንዲያውም ጉቶ ነቀላ የቀረ ተጫዋች ሜዳ ሲገባ ካዩ፣ "አንተ፣ ጉቶ ስንነቅል የት ነበርክ? ውጣ!" ይሉታል። ዳኛው የሰጠው ቀይ ካርድ ያከራክራል፤ የእሳቸው አያከራክርም። ቡድኑ ሦስት ጊዜ ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሷል። ሦስቱንም ጊዜ ሳይጫወት ተሸንፏል፤ ፍጻሜው ክረምት ላይ ስለሚውል ጎርፉ አላሻግር ብሏቸው በፎርፌ ቀሩ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዓመት ቡድኑ ያለ ኮሚቴ ኖሮ ነበር። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ሊቀ መንበሩ አቶ ሲሳይ ይባላል። የመንደሯ ተወላጅ ነው፤ ልጅ ሆኖ ቆቦ ከገባ ወዲህ ግን ለልቅሶ እንኳን ሲመጣ ያየው የለም። ድንገት አንድ ነጋዴ ወዳጁ ቡድኑን አዲስ ማልያ ሲያለብስለት የትውልድ መንደሩ ፍቅር አገረሸበት። "የምሥረታ በዓል እናክብር" አለ። የተመረጠው ቀን ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዋለ፤ ነጋዴው የክብር እንግዳ ነው፣ የሚመቸውም ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ "ልጄ፣ ጎርፍ የሚወርድበት ጊዜ ነው፤ እባክህ ወደ ግንቦት መልሰው" ቢሉት "ፕሮግራም ተይዟል" ብሎ መለሰላቸው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። "መምህር፣ አንተ ብዕር አለህ፤ የክለቡን ታሪክ ጻፍልን" አለኝ። ሰው ብዕር አለህ ካለኝ ማስተዋል የሚባል ነገር አይተርፈኝም። አራት ገጽ ጻፍኩ። "ከጥንት ጀምሮ" አልኩ፤ "በታላላቅ ተጋድሎዎች" አልኩ። ሦስቱን ፎርፌዎች "ሦስት ጊዜ የብር ደረጃ" አደረግኋቸው። አያ ሙሄን "ከቀደምት ደጋፊዎች አንዱ" ብዬ በአንድ መስመር አለፍኳቸው።

አቶ ሲሳይ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። "አንድ ነገር ይቀረዋል። ሜዳ የሌለው ክለብ ክለብ አይባልም። ሜዳው ከምሥረታው ጀምሮ የክለቡ ይዞታ ነው በል" አለኝ።

"ሜዳው እኮ የእትዬ ዘሀራ ማሳ ነው" አልኩት።

"የምትጽፈው ታሪክ እንጂ የፍርድ ቤት ቃል መሰለህ እንዴ? ለድምቀት ነው" አለ።

ጻፍኩት። እንዲያው በደፈናው ጽፌው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን አሳመርኩት፤ "ሜዳው አባቶች ለክለቡ ያወረሱት የማይገሰስ ርስት ነው" ብዬ አረፍኩት። ማታውን ሦስት ጊዜ ደግሜ እያነበብኩ በራሴ ስደነቅ አመሸሁ።

በዓሉ ደረሰ። ሜዳው መሀል ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። የእንግዳው መኪና እንዲገባ ተብሎ የቦዩ አፍ ጠዋት በአፈር ተደፈነ። ሲደፍኑት ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ክረምት እዚያ የኖርኩ ሰው፣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ሰዓት ግን ያሳሰበኝ የከረባቴ ነገር ነበር።

ሜዳው ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በስተምዕራብ ግን ደጋው ጠቁሯል። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ወደዚያ እያዩ ይንሾካሾካሉ፤ ኮሚቴው ወደ እንግዳው ያያል። ተጫዋቾቹ የእንግዳው ሱቅ ስም ደረቱ ላይ የተጻፈበትን አዲስ ማልያ ለብሰው ተሰልፈዋል። እኔ ተጠርቼ ወጣሁና ታሪኩን አነበብኩ። ድምፄን ሞልቼ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። "የማይገሰስ ርስት" ላይ ስደርስ ጭብጨባ ጠብቄ ቆም አልኩ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

እትዬ ዘሀራ ከኋላ ብድግ አሉ። "መምህር፣ እስቲ ያችን ነገር ድገማት" አሉኝ።

"የትኛዋን፣ እትዬ?"

"የሜዳዋን።"

ደገምኩ። በመጀመሪያ የነበረኝ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም፤ ማጉያው ባይኖር ከፊት የተቀመጠውም አይሰማኝም ነበር።

አቶ ሲሳይ ማይኩን ከእጄ ወሰደ። "እትዬ ዘሀራ፣ ይህ ለልማት ነው። ታሪኩ ተፈርሞበታል። ወረዳ ገብቶ ሜዳው በክለቡ ስም ይዞራል፣ ይታጠራል። እርስዎም ይታሰቡበታል" አለ። ለድምቀት የተባለው ነገር ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

"የመሬት ደብተር አለኝ" አሉ።

"ደብተር ይታረማል።"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከላይ ካሉት ማሳዎች ጩኸት ተነሣ። "ጎርፍ! ጎርፍ መጣ!" አንዱ ለሌላው እያቀበለ ድምፁ እኛ ዘንድ ደረሰ። እትዬ ዘሀራ ከኋላቸው ያስቀመጡትን ዶማ አነሡ። ለበዓል ዶማ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ቦዩን ክፈቱልኝ" አሉ።

"ዛሬን ይለፉን እንጂ፤ እንግዳ ተቀምጧል" አለ አቶ ሲሳይ።

"ጎርፍ እንግዳ አያውቅም ልጄ። ዛሬ ካለፈኝ ከርሞ ድረስ ምን ልብላ?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ አንተ የኔን ቂጣ ስትበላ ከርመሃል። የተማርክም ነህ፤ ይች መሬት የማን ናት?"

ሰው ሁሉ እኔን አየ። "የእርስዎ ናት" ማለት ሁለት ቃል ነው። አራት ገጽ ውሸት የጻፍኩ ሰው ሁለት ቃል እውነት አጣሁ። ወረቀቱን አጥፌ ጫማዬን አየሁ። ከዚህ ገጠመኝ ውስጥ ዛሬም ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሰኝ ያች ደቂቃ ናት።

ከሰልፉ የቡድኑ አምበል እንድሪስ ወጣ። አዲሱን ማልያ አወለቀና አጥፎ እንግዳው አጠገብ ያለ ወንበር ላይ አኖረው። ከዚያ ዶማውን ከእትዬ ዘሀራ እጅ ተቀበለ። "ዐውፍ በይን፣ ይቅር በይን እትዬ፣ ዛሬ ዘገየን። አብሽሪ" አላቸው። ሌሎቹ ተከተሉት። ሁለቱ ዶማ፣ አንዱ አካፋ ከየት እንዳመጡ እንጃ፤ የቀሩት በእጃቸው አፈሩን ይዝቁ ጀመር። አቶ ሲሳይ በማይክ "ማልያውን! ኧረ ማልያውን አታቆሽሹት!" ይላል። የሰው የዓመት ጉርስ ሊቀር ሲል እሱ የታየው ማልያው ነው።

ጠዋት የተደፈነ አፈር ስለሆነ አልጠናም፤ ቶሎ ተናደ። ጎርፉ ቡናማ ሆኖ፣ አገዳና ቅጠል እየገፋ ገባ። መጀመሪያ በማዕዘን ምቱ በኩል አለፈ፣ ከዚያ ግቡን፣ ከዚያ ድንኳኑን አገኘ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ እንደ ዳክዬ ተያይዘው ሄዱ። የክብር እንግዳው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። "ታላላቅ ተጋድሎዎች" ያልኩትን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በረኛችን እንግዳውን አዝሎ ከሜዳ ሲያወጣ። መኪናው መሀል ሜዳ ላይ እስከ በሩ ጭቃ ገብቶ ቀረ።

ሁለቱም ወንዞች ሞልተው ነበር። ደሴት፣ ደሴት ሆነች። ኮሚቴው የት ይግባ? እትዬ ዘሀራ ግቢ ገባን። አጎዛ አነጠፉልን፣ የማሽላ ቂጣ በወተት አቀረቡልን። አንድ ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ቢሰድቡኝ ኖሮ በስንት ጣዕሙ! ቂጣዬን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። አቶ ሲሳይ ግን ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ስንጨርስ እንድሪስ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። "መምህር፣ ወንዙ እስኪጎድል ጊዜ አለን። ታሪኩን አሁን በትክክል ጻፈው፤ ኮሚቴውም ይፈርምበት" አለ።

አቶ ሲሳይ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጉዳዩን በሌላ ስብሰባ ረጋ ብለን…"

"ደግ። ወንዙን ማን ሊያሻግርህ ነው?" አለው እንድሪስ።

መሻገሪያውን የሚያውቁት ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው። ኮሚቴ በዕድሜው እንደዚያ ፈጥኖ ተስማምቶ አያውቅም። እኔ ባዶ ወረቀት ስላልነበረኝ በአሮጌው ታሪክ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። አያ ሙሄን አነሣሁ፣ ጉቶውን፣ ቦዩን፣ ሦስቱን ፎርፌዎች። ጮክ ብዬ አነበብኩ።

"እትዬ ዘሀራ በልግስና ማሳቸውን ለቡድኑ ሰጥተው" ስል እጃቸውን አነሡ።

"አልሰጠሁም። አዋስኩ። አዋሰች በልና ጻፍ።"

ሰርዤ ጻፍኩ። ሁሉም ፈረሙ፤ ወረቀቱን እትዬ ዘሀራ ከመሬት ደብተራቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው አስቀመጡት። አቶ ሲሳይ ያዝልኝ ብሎኝ የነበረውን፣ ለካ ለወረዳ የተዘጋጀውን ሌላውን ቅጂ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። "ለእሳት ይሆናል" ብለው ምድጃው አጠገብ ጣሉት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎርፉ ጎደለና ተጫዋቾቹ ኮሚቴውንና እንግዳውን እጅ ለእጅ አያይዘው አሻገሩ። የክብር እንግዳው ጫማውን በእጁ ይዞ ተሻገረ። አቶ ሲሳይ ዛሬ ቆቦ ላይ "ያን ቀን እኔ ባልኖር የሴትዮዋ መሬት ተወስዶ ነበር" እያለ ያወራል አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኮሚቴው ዳግም ተሰብስቦ አያውቅም። ቡድኑም በዚያው ክረምት ለፍጻሜ ደርሶ እንደ ልማዱ በፎርፌ ተሸነፈ።

እኔ ተዛውሬ ቆቦ ገብቻለሁ። እትዬ ዘሀራ ማሽላው ሲደርስ በባጃጅ አንድ እስር ጥንቅሽ ይልኩልኛል። ዘንድሮም ላኩ። ባጃጅ ነጂው እስሩን በራፌ ላይ እያወረደ፣ "'ከፍጹም ቅጣት ምቱ ቦታ ላይ የበቀለ ነው በለው' ብለውሃል" አለኝ። ሣቀ፤ እኔም አብሬው ሣቅሁ።

ልጆቼ አገዳውን እየላጡ "አባባ፣ እንዴት ይጣፍጣል! መሬቱ የማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"የእትዬ ዘሀራ ነው" አልኳቸው። ለልጆቼ ስናገረው ምንም አልከበደኝም።