ያጠፋሁት ውሃ

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ዛሬ ግን ሳልቀንስና ሳላሳምር እናገረዋለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ የመሰላችሁን ፍረዱ።

ነጃት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛየ ነበረች። አባቷ ጋሽ ይማም ወረታ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። በወጣትነታቸው ጨርቅ በጀልባ እየጫኑ በጣና ላይ ደቅና ቁንዝላ ድረስ ይነግዱ ነበር። እኔ ደግሞ ሹም አቦ ሰፈር ያደግሁ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ሁለታችን ለመመረቂያ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራን። ተጫዋቹ ታንኳ እየቀዘፈ ከደቅ ወደ ቁንዝላ እህል ያደርሳል፤ መንገድ ላይ ማዕበል ይነሣበታል። ታንኳዋን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዓይን የሚያየውን ሁሉ የሠራችው ነጃት ናት፤ የውሃ ዳር ደንገሉን፣ ሰማዩን፣ ከሁሉም በላይ ውሃውን።

የነጃት ላፕቶፕ ከወንድሟ የደረሳት አሮጌ ዕቃ ነበር። ምስል የሚሠራ፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ አልነበረውም። ጨዋታውን ስትከፍትበት ምስሉ ይቆራረጣል፤ ጥላም ነጸብራቅም አያሳይም። ስለዚህ ማደሪያዋ ውስጥ በግምት እየሠራች እኛ ቤት ታመጣና በእኔ ላፕቶፕ ታየው ነበር፤ የእኔው ጠንካራ ካርድ ነበረው። ውሃው መጀመሪያ በትክክል የታየ ዕለት እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ይሄ የኛው ጣና አይደለም እንዴ?" አለች። ፀሐይ ማዕበሉ ላይ ትሰባበራለች፤ የታንኳዋ ጥላ ከሥሯ ይወዛወዛል። ነጃት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ልጅቱ የገዛ ሥራዋን ለማየት የሰው ዕቃ ያስፈልጋት ነበር። የዚያ ዕቃ ባለቤት እኔ ነበርሁ።

የተመራቂዎች ሥራ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ለሕዝብ እንዲታይ ተወሰነ። ከአዲስ አበባ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ሰዎች እንደሚመጡና ሥራው የጣማቸውን እንደሚቀጥሩ ተነገረን። ለነጃት ነገሩ ከዚያም ይበልጥ ነበር። ጋሽ ይማም ታመው ሱቁን የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። "መጥቼ ልየው፤ እንጀራ የሚሆንሽ ከሆነ አልይዝሽም" ብለዋት ነበር።

በዋዜማው ዕቃችንን ስናሰናዳ ከድርጅቱ የመጣች አንዲት ሴት ጨዋታውን አየችው።

"ውሃውን ማነው የሠራው?" አለች።

ነጃት እጇን አወጣች። ሴትዮዋ ከእሷ ጋር ቆማ ብዙ አወራች። ታንኳዋን ማን እንዳንቀሳቀሳት ግን አልጠየቀችም። እኔ የቻርጀር ገመድ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጓደኛየ ስትመሰገን ምን ነበር ያመመኝ? ስትመሰገን ለመስማት አልነበረም ወይ አብሬያት የደከምሁት?

በማግስቱ ጠዋት ነጃት አባቷን ልትቀበል መናኸሪያ ሄደች። እኔ ብቻየን ላፕቶፑን ከፈትሁ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ምስል የሚሠራባቸው ሁለት ነገሮች አሉት። አንዱ ጠንካራው ካርድ ነው፤ ሌላው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ለጽሑፍና ለፊልም የሚበቃ ደካማ ነው። ጠንካራውን አጠፋሁት። ደካማው እንዳይንገዳገድ ብየ ነጸብራቁን አጠፋሁ፤ ጥላውን አጠፋሁ፤ የምስሉን ጥራት እስከ መጨረሻው አወረድሁ። ታንኳዋ እንደ ልቧ ትሄድ ነበር። የእኔ ሥራ ምንም አልሆነም። የጠፋው የእሷ ብቻ ነው።

ነጃት አባቷን ደግፋ ስትገባ ስክሪኑን አይታ ክው አለች።

"ሙሌ፣ ምን ሆነ? ውሃው የታለ?"

"ላፕቶፑ ግሎ ካርዱ አልሠራም አለ። ሥራሽ ከበደው" አልኋት።

ሥራሽ ከበደው! ዋሽቼ ዝም ብል አይበቃኝም ነበር? ጥፋቱን ለምን እሷው ላይ ጣልሁት? አመነችኝ። ከዚያ በፊት ላፕቶፑ ሲግል አብረን አይተን ስለነበር ውሸቴን ያቆምሁት እውነት ላይ ነው። "ከሌላ ልጅ ላፕቶፕ እንለምን?" አለች። "ጊዜ የለም" አልሁ። ጊዜ ነበረ።

ጋሽ ይማም መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሐይቁ ድፍን ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ደንገሉ ከአረንጓዴ ወረቀት የተቀደደ ይመስላል።

"ልጄ፣ ይሄ ውሃው ነው?" አሉ፤ ሊያሳዝኗት ብለው አልነበረም። "እኔስ ሊሾ መስሎኝ።"

"አባየ፣ እንዲህ አልነበረም እኮ።"

"ይሁን፤ መድከምሽን አይቻለሁ" ብለው ትከሻዋን ያዝ አደረጓት።

የድርጅቱ ሰዎች ሲመጡ የትናንቷ ሴት ግራ ገባት። "ትናንት ያየሁት ሌላ ነበር" አለች። ነጃት ቀና ሳትል፣ "ሥራየ ለላፕቶፑ ከብዶት ነው" ብላ በራሷ አፍ መለሰች። አለቃቸው ራሱን ነቀነቀ። "የእኛ ተጫዋቾች ያላቸው ላፕቶፕ ከዚህም ያነሰ ነው። እንዲህ የሚከብድ ምስል አይሆነንም። ታንኳዋ ግን ጥሩ ትሄዳለች" አለ። እኔን ቀጠሩኝ። ነጃት ከአባቷ ጋር ወደ ወረታ ተመለሰች።

ጋሽ ይማም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞቱ ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። ነጃት አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ሥራየ እንደማይሆን ያኔውኑ ማወቄ በጀኝ፤ ያለዚያ አባየን ማን ያስታምመው ነበር?" አለችኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። አፌን ከፍቼ "አላህ ያጽናሽ" ብቻ አልሁ። የመጀመሪያውን በደል በቅናት ሠራሁት እንበል፤ ይህንንስ በምን ሠራሁት?

ባለፈው ሳምንት ያንኑ ላፕቶፕ ይዤ ወረታ ወረድሁ። ሱቋ ውስጥ ከጨርቁ መሐል ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት። ከዚያ ጨዋታውን ከነሙሉ ውሃው ከፈትሁት። ነጃት ጎንበስ ብላ አየችው።

"እንዴት እንዳጠፋኸው አሳየኝ" አለች።

አሳየኋት።

"በቃ? ይሄው ነው?"

"ይሄው ነው።"

"አባየ ሊሾ ነው እንዳለ ሞተ" አለች። ቀጥላም፣ "ለእኔ መንገርህ አይበቃኝም። ያን ቀን እዚያ ለነበረው ሁሉ ንገር፤ መጀመሪያ ለቀጠረህ ሰውየ" አለችኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ላነሣው ስል እጇን ጫነችበት። "ይሄ እዚህ ይቀራል።" ትቼላት ወጣሁ። ይቅር በይኝ አላልኋትም፤ እሷም ይቅር ብየሃለሁ አላለችኝም።

ሰውየው ዛሬም አለቃየ ነው። ይህን ጽሑፍ ከነሙሉ ስሜ ነገ ጠዋት በእጁ እሰጠዋለሁ። ከዚያ አብረውን ለተመረቁት ሁሉ እልከዋለሁ። ከሥራ ቢያስወጣኝ አልከራከርም። ልጅ ነበርሁ አልልም። ቅናት አሳወረኝም አልልም፤ ውሃው ምን ያህል እንደሚያምር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርሁ። እያወቅሁ አጠፋሁት።