ላልሞተ ሰው የተደረገ ፍትሐት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ሁዳዴ ጾሜ፣ ስንቴ ደጃቸው ድረስ ሄጄ፣ ሐሜቴንና ቁጣዬን ብቻ ተናዝዤ ተመልሻለሁ። አሁን ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ባሌን ሳይሞት ገደልኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የምንኖረው ዘመሮ አጠገብ ነበር። ባሌ ደምሴ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወደ ቆላ ከወረደ፣ ድምፁም ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ገብሱን ውርጭ መታው፤ የሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ፊት በረሃብ አበጠ። መሐል ሜዳ ከተማ አባት ለሞተባቸው ልጆች በየወሩ እህልና ዘይት ይሰጣል ሲባል ሰምቼ በእግሬ ሄድኩ። ጸሐፊው "ባልሽ ሞቷል ወይስ ትቶሽ ሄዷል?" አለኝ። ትቶኝ ከሄደ እንደማልመዘገብ ከፊቴ የነበረችው ሴት ባዶ እጇን ስትመለስ አይቼ አውቄያለሁ። "ሞቷል" አልኩት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

የገበሬ ማኅበር ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ሊቀ መንበሩ ደግሞ "ለቅሶ ላልተቀመጥሽለት ሰው ሞቷል ብዬ ማኅተም ልምታልሽ?" አለኝ። እናም ለቅሶ ተቀመጥኩ። ከቆላ የመጣ ነጋዴ በወባ መሞቱን ነገረኝ ብዬ አወራሁ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደረቴን መታሁ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔ ከፍርሃት አለቀስኩ፤ እንባው ግን አልገደደም።

ፍትሐቱ ላይ ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። በእውነተኛ ስሙ ከተፈታ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። እግዜርን ላታልል ኖሯል መሰለኝ፣ "ወልደ ገብርኤል" አልኩ። ይኼኔ አማቴ ፊታቸውን ነጭተው እንደቆሰሉ ከለቀስተኛው መሐል ተነሡ።

"ምን ነካሽ ልጄ፣ ኀዘን አዞረብሽ? ኃይለ ሚካኤል ነው አባ! ልጄ በሰው ስም አይፈታብኝ።"

ቄሱም በዚያው ስም ፈቱት። መሬት ላይ ተደፋሁ፤ ሰው ኀዘን የጣለኝ መስሎት ደገፈኝ።

እህሉ መጣ፤ ልጆቼ ዳኑ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ግን እሱ መጣ እያልኩ እደነግጥ ነበር። ቢመጣ ምን እላለሁ? ብታሰርስ ልጆቼን ማን ያበላቸዋል? ከዚያ ምን ማድረግ እንደጀመርኩ ልንገራችሁ? ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ "አትመልሰው" ብዬ ጸለይኩ። የልጆቼን አባት! እሱም አልተመለሰም። ስሙ ለሙት በመጠራቱ ይሁን፣ በጸሎቴ ይሁን፣ ወይስ ሌላ ትዳር ይዞ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አማቴ በልጃቸው ኀዘን ቆብ ጭነው እማሆይ ተባሉ። በጎቻቸውን ሁሉ "አባት ለሌላቸው ይሁን" ብለው ለልጆቼ ሰጡ፤ እኔም ዓይኔን ሳላሽ ተቀበልኩ። ከዓመታት በኋላ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ አጠገባቸው ነበርኩ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ልጆቼ ቆመው ያያሉ፣ ፈራሁ። እሳቸው እጄን ያዝ አድርገው "አይዞሽ ልጄ፣ ደምሴ ጋ እኮ ነው የምሄደው። ምን ብላሃለች ልበለው?" አሉኝ።

"ሰላም ይበሉልኝ፣ እማሆይ" አልኳቸው።

ረሃብ ነው ያስዋሸኝ ብዬ አላመካኝም። እማሆይ ሲያጣጥሩ በነበረበት በዚያ ቀን ከቤታችን የራበው ሰው አልነበረም።