ዳበሳ እና የኋለኛው መቀመጫ

ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም ማለት ይቻላል። የትምህርት ቤት ልጆችን በሚኒባስ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ልጆቹ «ዳበሳ» የሚል ስም አወጡለት፣ እሱም ተቀብሎት ይኖራል። ስሙ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። ጠዋትም ማታም የመጨረሻው ልጅ ከወረደ በኋላ ሞተሩን ያጠፋና፣ ወደ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱን መቀመጫ በእጁ እየዳበሰ እስከ ኋላ ይሄዳል። ማየት አይበቃውም። «ዓይን ይሸወዳል፣ እጅ ግን አይሸወድም» ይላል። ብርድ ልብስ ካለ ይጫነዋል፣ ጃኬት ካለ ያነሳዋል፣ ከወንበር ስር ሳይቀር እጁን ይሰዳል። አንዳንዴ የተረሳ እርሳስ፣ አንዳንዴ የተገመጠ ዳቦ ያገኛል።

ለምን ይዳብሳል ብትሉኝ፣ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሹፌር ነበር። ሳቂታ፣ ለሰው የሚሳሳ ሰው ነው። አንድ ቀን ልጆቹን አራገፈና መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ በሩን ቆልፎ ቁርሱን ሊበላ ሄደ። ኋላ ወንበር ላይ አንድ ሕፃን እንቅልፍ ወስዶት ነበር። መንገደኛ አይቶት መስኮቱን ሰብሮ አወጣው፣ ልጁም ተረፈ። ሹፌሩ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ዳበሳ መስኮቱ ሲሰበር እዚያው ቆሞ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉት የለ፣ እሱም እንደዚያ ሆኖ ቀረ።

ይህንን ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት፣ ከኋላ ጥግ ያለችውን ወንበር ለምን ለማንም እንደማይሰጥ ነው። መኪናው ጢም ብሎ ልጆች ሲተፋፈጉ እንኳ ያቺ ወንበር ባዶዋን ትሄዳለች። ወላጆች አጉረመረሙ፣ ርዕሰ መምህሯም ጠርታ ጠየቀችው። «የሰው ናት» አላት። ነገሩ የመጣው ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ከሄደ ወዲህ ነው።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፣ እጇም አፏም ፈጣን። «የእኔ ባል ሶፋውን ዳብሶ ነው የሚተኛው» እያለች ደንበኞቿን ታስቃለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቁ ክርክር የማይሰለቸው ወንድ ልጅ ነው፣ ጠበቃው ይሉታል። ታናሿ አራት ዓመቷ ነው፣ ሚጡ። ያን ዓመት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ሚስቲቱ ድንኳን ከጎረቤት ተዋሰችና «ሐይቅ ዳር ሄደን እንደር፣ ልጆቹም ከግድግዳ ሌላ ነገር ይዩ» አለች። ዳበሳም ደስ አለው። የሰው ልጆች ሲያመላልስ ኖሮ፣ የራሱን ልጆች የትም ወስዷቸው አያውቅም ነበር።

በማለዳ በዚያችው ሚኒባስ ወጡ። ነዳጅ ለመሙላት ማደያ ሲቆሙ፣ ቀጂው ልጅ ፈገግ ብሎ መጣና አንዲት ቢጫ የላስቲክ ጫማ በመስኮት አቀበላቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት የልጅቷን ጫማ ጥላችሁት ሄዳችሁ» አለ። «ትመለሳላችሁ ብዬ አስቀመጥኩላችሁ።»

«ትናንት እዚህ አልመጣንም» አለ ዳበሳ።

ልጁ ሚኒባሷን አየ፣ እሱን አየ፣ ኋላ የተቀመጡትን ልጆች አየ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ሌላ መኪና ሄደ። ሚጡ ቢጫ ጫማዎቿን ሁለቱንም አድርጋለች። የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ ስለነበር እናትየው ማታ በቀይ ክር ሰፍታዋለች። ከማደያው የተሰጣቸው ጫማም የግራ ነው፣ ማሰሪያው በቀይ ክር ተሰፍቷል።

«ይህን ጫማ የማያደርግ ሕፃን የት አለ» አለች ሚስቲቱ።

«ክሩስ?»

«ቀይ ክር እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ያለኝ? ንዳ ይልቅ።»

ጫማውን ከመሪው አጠገብ ባለው ኪስ ከተተው። ከመነሳቱ በፊት እንደ ልማዱ መቀመጫዎቹን ዳበሰ፣ ጠበቃውም «እኔን ስትዳብሰኝ ዛሬ ሦስተኛህ ነው» ብሎ ተከራከረው።

ቀትር ላይ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ገቡ። ባለቤቲቱ ወፍራም፣ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። ገና ሳይቀመጡ እንቁላል ከዳቦ ጋር ይዛ መጣች፣ የሚጡን ለብቻው በትንሽ ሳህን።

«ያንቺን ያለ ሽንኩርት ነው የሠራሁት፣ የኔ ቆንጆ። እንደ ትናንቱ እንዳታለቅሺብኝ» አለቻት።

ሚጡ እውነትም ሽንኩርት አትበላም። ዳበሳ ዳቦውን ሳይጨርስ ተነሳ። ሒሳብ ከፍለው ወጡና እሱ ወደ መኪናው ገብቶ መዳበስ ሲጀምር፣ ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በረንዳው ላይ የተቀመጡትን ጠርታ «ኑ እዩት፣ ዛሬም ጀመረ፣ ወንበር እንደ ላም ያሻል» አለች። እነሱም ሳቁ። ሚስቲቱ ፊቷ ቀላ፣ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋች።

«ስማ፣ በሄድንበት መሳቂያ አደረግኸን። የሰው ልጆች አይደሉም፣ የራስህ ናቸው። እኔ እናታቸው አለሁ አይደል? ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዞ ወንበር እንዳትዳብስ። ማል።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም፣ ማል።»

«በልጆቼ» አለ።

ምሎም ደነገጠ፣ ለምን በእነሱ እንደማለ ራሱም አላወቀም። እሷ ግን ቁጣዋ በረደላትና ለልጆቹ መዝፈን ጀመረች።

ሐይቁ ዘንድ የደረሱት ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። መግቢያው ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ጎጆው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሚኒባሷን ሲያዩ ተነሱና ቀስ እያሉ መጡ።

«ምነው ተመለሳችሁ፣ ልጄ? ምን ረሳችሁ?»

«አባባ፣ ገና መምጣታችን ነው።»

«ጠዋት እኮ ነው የወጣችሁት። ዝናብ ሊመጣ ነው ብላችሁ እየተቻኮላችሁ። ትናንት ስትመጣ መቀመጫውን ሁሉ ስትነካካ ያየሁት አንተን አይደለም? ጠዋት ግን ሳትነካው ነዳኸው። ሚስትህም ስትስቅ ሰምቻለሁ።»

ዳበሳ ወደ ኋላ ዞሮ ሚጡን አየ። ሚስቱ ግን ክንዱን ቆንጠጥ አደረገችው። «አየህ፣ መሳይህ እንኳ ትቶታል» አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ብዙ ሰው ይመጣል፣ ሽማግሌው ተሳስተው ነው፣ ሰው ከሰው ይመሳሰላል ተባባሉ። አንድ ሰው ጨክኖ «እንመለስ» ቢል ኖሮ ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር፣ ግን ማንም አላለውም።

ድንኳን ለመትከል ምቹ ቦታ ሲፈልጉ፣ ውሃው አጠገብ ሣሩ የተኛበት አራት ማዕዘን አገኙ። ጥግ ጥጉ ላይ የካስማ ቀዳዳ አለ። ዳበሳ ድንኳኑን ዘረጋና ካስማዎቹን አንድ በአንድ ቀዳዳው ውስጥ አስገባቸው። አንዱም መዶሻ አልፈለገም።

«አባዬ፣ ተዘጋጅቶልን ነበር» አለ ጠበቃው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከራከርበት ነገር አጣ።

ሚጡ ሸምበቆው ዳር ቁጢጥ ብላ ታወራለች። ታወራና ዝም ትላለች፣ እንደሚሰማ ሰው ራሷን ትነቀንቃለች። ሲጠሯት እየሮጠች መጣች።

«አባዬ፣ ያቺን ጫማ ስጠኝ። አንድ እግሯ ባዶ ነው።»

«የማን?»

«የልጅቷ።»

ዳበሳ ወደ ሸምበቆው አየ። ነፋስ የለም፣ ሸምበቆው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይወዛወዛል። «ነገ» አላት፣ እጇን ይዞ ወደ ድንኳኑ አስገባት። ሌሊቱን ሁሉ እጁን ልጅቷ ላይ ጥሎ አደረ።

ሲነጋ ሰማዩ ጠቁሯል። ነፋሱ ድንኳኑን ያስጮኸዋል። ሚስቲቱ «ዝናቡ ሳይመጣብን ቶሎ እንውጣ» አለች። ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ዕቃቸውን ሰበሰቡ። ድንኳኑን እንኳ በወጉ አላጠፉትም፣ ከብርድ ልብሱ ጋር ጠቅልለው ሚጡ ሲመጡ የተኛችበት የኋላ ጥግ ወንበር ላይ ወረወሩት። አባት ሚጡን እናት አስገብታታለች ብሎ አስቧል። እናትም አባት። ጠበቃው ፊት ለፊቱ ባለው መስኮት ላይ በትንፋሹ ስዕል እየሳለ ነው።

ዳበሳ በሩ ላይ ቆመ። እጁ ሳያዝዘው ወደ መጀመሪያው መቀመጫ ተዘረጋ።

«ምለሃል» አለች ሚስቱ፣ እየሳቀች።

እጁን ሰበሰበ። የመኪናው በር ተዘጋ። ሲወጡ ሽማግሌው በጎጆው ደጃፍ አልነበሩም።

ዝናቡ መንገድ ላይ ጀመረ። መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መኪናው ውስጥ ጸጥ ብሏል። ዳበሳን የሽማግሌው ቃል ከውስጥ ይበላዋል። ዝናብ ሊመጣ ነው ብላችሁ። እየተቻኮላችሁ። ሳትነካው ነዳኸው። ሚስትህም ስትስቅ። ምን ረሳችሁ? ዓይኑ ከመሪው አጠገብ ወዳለው ኪስ ሄደ። ጫማው የለም።

ፍሬን ያዘ። «ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ። እሱ ዝናብ ውስጥ ወርዶ የጎን በሩን ከፈተ። የመጀመሪያውን መቀመጫ ዳበሰ፣ ቀጥሎ ያለውን፣ የጠበቃውን ራስ፣ ቀጥሎ ያለውን። ኋላ ጥግ ብርድ ልብሱ የተኛ ልጅ መስሎ ጉብ ብሏል። እጁን ጫን አደረገበት። እጁ እስከ ወንበሩ ድረስ ዘለቀ።

«አንተ ያስገባሃት መስሎኝ» አለች እናትየው።

የተመለሱበትን መንገድ ዳበሳ አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው መሪውን እንደያዘ «በእነሱ ማልኩ፣ በእነሱ ማልኩ» ሲል የገዛ ድምፁን ነው። ሚስቱ ጭኗን በቡጢ ትመታለች። ጠበቃው ያለቅሳል።

ሚጡ ድንኳኑ የነበረበት የተኛ ሣር ላይ ተቀምጣለች፣ ውሃ በውሃ ሆና። ዳበሳ ተንበርክኮ ዳበሳት። ራሷን፣ ትከሻዋን፣ እጆቿን፣ ቢጫ ጫማ ያደረጉ እግሮቿን። ሁሉም አለ። አቅፏት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ጫማውን ሰጠኋት» አለችው። «እየጠበቀች ነው። አባቷ ትናንት ረስቷት ሄደ። አንተ መጣህ፣ የሷ አባት ግን አልመጣም።»

«ማን ትባላለች?» አለ፣ መልሱን እየፈራ።

«ሚጡ።»

እናትየው ልጇን ነጥቃ ወደ መኪናው ሮጠች። ዳበሳ ቀና አለ። ከሸምበቆው የሚወጣ የትንሽ እግር ዱካ ጭቃው ላይ አለ። ቀኙ ጫማ አድርጓል፣ ግራው ባዶ ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ሁለቱም ጫማ አድርገዋል። ዱካው እሱን አልፎ ወደ ሚኒባሷ ይሄዳል፣ የጎን በሩ ጋ ሲደርስ ያበቃል።

በሩ ተዘግቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሞተሩን አስነስቶ ይሸሻል፣ እኔም እንደዚያ የማደርግ ይመስለኛል። ዳበሳ ግን ዕድሜውን ሁሉ ያመላለሰው የሰው ልጅ ነው። በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተና፣ ቦርሳዋ ከብዷት ወደ ኋላ የቀረች ተማሪ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ከበሩ ጎን ቆሞ ዝናብ እየመታው ጠበቀ። ሚስቱ ተቻኮል አላለችውም።

ቆይቶ ወጥቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። ሚስቱ ግን ፊት ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ሚጡን ጭኑ ላይ አድርጎ እንዲይዛት ለጠበቃው ሰጠችውና መቀመጫዎቹን አንድ በአንድ መዳበስ ጀመረች። ዳበሳ በመስታወቱ አያት። የኋላ ጥግ ስትደርስ እጇን ዘረጋች፣ እጇም እዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተመልሳ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። የረጠበ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሁሉም ገብተዋል» አለች። «ንዳ።»